ክልከላው አለ፣ ጉቶው ግን ትኩስ ነው፦ ለደን ፖሊሲ አርቃቂዎች ችግርና መፍትሄ

ችግኝ ውሃ ይፈልጋል፣ ከብት ይበላዋል የሚለውን ሁሉም ስለሚያውቀው አልደግመውም።

ምልክት፦ ሪፖርቱ ደን ጨመረ ይላል፤ ወይራውና ዋንዛው ግን የለም።
ምክንያት፦ አገራዊው የደን መለኪያ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን ነው። ባህር ዛፍም ይህን ስለሚያሟላ ደን ተብሎ ይቆጠራል።
መፍትሄ፦ የተፈጥሮ ደንን ለብቻው ቁጠሩት።

ምልክት፦ አንዱ ወረዳ ሲጠብቅ የጎረቤቱ ይመነጠራል።
መፍትሄ፦ ደን ሲመነጠር የሚወጣውን የካርቦን ልቀት በክልል ደረጃ ለኩ። የአንድ ወረዳ ቁጥር ያታልላል።

ምልክት፦ ክልከላ አለ፣ ጠባቂ ደመወዝ ይበላል፣ ጉቶው ግን ትኩስ ነው።
የሰለቸኝ ይሄ ነው። ስብሰባ ላይ ሁሌም “ጥበቃ ይጨመር” ይባላል። ኧረ ጠባቂውም የሰፈሩ ሰው ነው! የአጎቱን ልጅ ይክሰስ?
መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን “ይህ ደን የማን ነው?” በሏቸው። “የመንግሥት” ካሉ ብልሽቱን አገኛችሁት። በመተማ መንገድ ከሰል በሰሊጥ ጆንያ ሥር ተደብቆ፣ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሲያዝ አይቻለሁ። ሰውየው አላፈረም። “እኔ ብተወው ሌላው ይቆርጠዋል” አለ። እውነቱን ነው።
ሕጉ አልጎደለም። የደን አዋጅ 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ለይቷል። የጎደለው ቀበሌ የሚደርስ የይዞታ ማረጋገጫ ነው።
መፍትሄ፦ ወሰኑን ከአጎራባቾች ጋር በእግር ዙሩት፤ ቢሮ ተቀምጦ የተሳለ ካርታ ጠብ ያመጣል። ከዚያ ማር፣ ሣር አጭዶ መውሰድ፣ ደረቅ እንጨት መልቀም ለማን እንደተፈቀደ ጻፉ። ቆላ ላይ ልጡ እየተፋቀ ዕጣን የሚወጣበት ዛፍ ካለ የማምረቻ ውሉን ለአንድ ወቅት ብቻ አትስጡ። ነገ የማይመለስበት ሰው ዛፉ እስኪደርቅ ልጡን ያቆስለዋል። እሳትና ከብት ቡቃያውን ስለሚጨርሱት ተተኪ ዛፍ የለም።

ማስጠንቀቂያ፦ የካርቦን ገንዘብ (ደን ጠብቆ ልቀት ለቀነሰ የሚከፈለው) ይመጣል ብላችሁ ለገበሬ አትማሉ። ክፍያው ልቀት መቀነሱ ተለክቶ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ ዓመታት ይፈጃል። አሁንም እላለሁ፣ አትማሉ። አንዴ የተዋሸ መንደር ሁለተኛ ስብሰባ አይመጣም።

ምልክት፦ ቁጥጥሩ በጠነከረ ቁጥር ከሰሉ ይወደዳል እንጂ አይቀንስም።
ምክንያት፦ ጎንደር ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ወጡ የሚሠራው በከሰል ነው።
መፍትሄ፦ የመብራትና የምድጃ በጀት ከደኑ ዕቅድ ጋር ይግባ። የተያዘ ከሰል በጨረታ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ገቢው ለያዘው መሥሪያ ቤት አይሁን። አለበለዚያ ያዡም የከሰል ነጋዴ ይሆናል።