የዋሽንት ነፊውን ተረት ወደ ጦርነት ዘመን ለንደን፦ ባለ 8 ገጽ ኮሚክ እንዴት ይሠራል?

የታወቀ የልጆች ተረት ወስዶ ጦርነት ውስጥ መክተት ቀላል ይመስላል። ተኩላውን የወታደር ልብስ ማልበስ፣ ከኋላ ታንክ መጨመር፣ በቃ። እንዲህ ያለ ኮሚክ (በሥዕል ሳጥኖችና በንግግር የሚተረክ ታሪክ) ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ተረቱና ጦርነቱ በእውነት የሚገጥሙበት አንድ ቦታ ካልተገኘ፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ልብስ መቀየር ብቻ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መጋጠሚያውን ፈልጉ። የሐመሊኑን ዋሽንት ነፊ እንውሰድ። ሐመሊን የምትባለውን የጀርመን ከተማ አይጥ ይወርራታል። አንድ እንግዳ ሰው ይመጣና ዋሽንት እየነፋ አይጦቹን ወንዝ ይከታቸዋል። የከተማው ሰዎች ቃል የገቡለትን ክፍያ ይከለክሉታል። ተመልሶ ይነፋል። አሁን የሚከተሉት ልጆቹ ናቸው። ተረቱ ዓመትና ቁጥር ሳይቀር ይጠቅሳል፤ እ.ኤ.አ. 1284፣ 130 ልጆች። ወደ ቤት አይመለሱም።

አሁን ወደ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 እንለፍ። ጀርመን ፖላንድን በወረረችበት በዚያው ዕለት፣ የብሪታኒያ መንግሥት ልጆችን ከለንደንና ከሌሎች ትልልቅ ከተሞች ወደ ገጠር ማሸሽ ጀመረ። በጥቂት ቀናት ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተጓጓዘ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። የዘመቻው ስም ምን ነበር? ዋሽንት ነፊው! ልጆች የማይመለሱበትን ተረት ለማዳኛ ዘመቻ ስም ማድረግ የሚገርም ነው። መጋጠሚያችንም ይኸው ነው።

ቀጥሎ፣ እርሳስ ሳታነሡ፣ አንድ ነገር ወስኑ፦ ዋሽንት ነፊው ማነው? የጠላት መሪ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ሰነፍ ምርጫ ነው። እኔ ብሆን አስተማሪዋን እመርጣለሁ። ልጆቹን በባቡር ይዘው የሄዱት አስተማሪዎቻቸው ነበሩ። ፊሽካ ስጧት። ስትነፋ ልጆቹ ይሰለፋሉ። ለልጅ ዓይን እያዳነችው ይሁን እየወሰደችው አይለይም። ክፉም ደግም አድርጋችሁ አትጨርሷት። ቃል የሚያጥፉትን ደግሞ ወላጆች አድርጓቸው፤ «ለጥቂት ቀን ነው» የሚሉትን።

ተራኪስ? በአንዱ የተረቱ አነጋገር እግሩን የሚያመው አንድ ልጅ ከሰልፉ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በመቅረቱም ይተርፋል። ይህን ልጅ ያዙት። በ1939 ልጅን መላክ ግዴታ አልነበረም፤ የሚወስነው ወላጅ ነበር። እናቲቱ ታስቀረዋለች እንበል። በተረቱ መቅረት መትረፍ ነበር፤ ለንደን ውስጥ ግን አደጋው ያለው ከቀረው ልጅ ጋር ነው። ተረቱ ሳትነኩት ራሱ ተገለበጠ።

ከዚያ ዕቃ ሰብስቡ። የዘመኑን ፎቶዎች እያያችሁ ሳሉ። እያንዳንዱ ልጅ በካርቶን ሳጥን የተያዘ የጋዝ ጭንብል አንጠልጥሏል፤ ኮቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ታስሯል። የደረሰበትን አድራሻ ለቤተሰቡ የሚልክበት ቴምብር ያለው ፖስት ካርድም ይሰጠው ነበር። ከሁሉ የሚቆጠቁጠው የገጠሩ አዳራሽ ነው። ልጆቹ ቆመው፣ የሚያስጠጓቸው ሰዎች እየዞሩ ይመርጧቸዋል። መንግሥት ለአንድ ልጅ በሳምንት 10 ሽልንግ ከ6 ፔንስ፣ ከአንድ በላይ ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው 8 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ይከፍል ነበር። በጣቷ የምታሰላ ሴት አንድ የሥዕል ሳጥን ውስጥ ብትገባ ንግግር አያስፈልጋትም።

በነገራችን ላይ፣ በዚያን ጊዜ አፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት እዚያው እንግሊዝ፣ ባዝ ከተማ ነበሩ። ባቡሩን ወደ ባዝ ልኮ እሳቸውን ጥግ ላይ ማሳየት ያጓጓል። ተዉት። አንባቢው ልጆቹን ጥሎ እሳቸውን ይከተላል።

አሁን ገጾቹን ከፋፍሉ። ገጽ 1 ሽፋን ነው። 2 እና 3 ባቡር ጣቢያው። 4 ላይ ባቡሩ ሄዷል፤ ልጁ ብቻውን ቆሟል። 5 ልጅ የሌለበት ሰፈር፣ 6 የገጠሩ አዳራሽ። 7 ላይ ጓደኞቹ ይመለሳሉ። ይህም እውነት ነው፤ ወራት አልፈው ቦምቡ ሳይመጣ ሲቀር ብዙ ልጆች ወደ ቤታቸው ተመልሰው ነበር። 8 ሙሉ ገጽ አንድ ሥዕል ይሁን፦ ልጆቹ አብረው ሲጫወቱ፣ ግድግዳው ላይ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1940 የሚል ቀን መቁጠሪያ፣ ከላይ የሲረን ድምፅ። የለንደን ድብደባ የጀመረው በዚያ ቀን ነው። አስከሬን መሳል አያስፈልግም።

ዱብ ዕዳው ሁልጊዜ ገጽ ሲገለጥ በሚታየው ላይ ይዋል፤ ማለትም በተጋማሽ ቁጥር ገጾች (2፣ 4፣ 6፣ 8)። በአንድ ገጽ ከ4 እስከ 6 ሳጥን ይበቃል። መጀመሪያ በትንሽ ወረቀት ላይ ሰዎቹን በዱላ ቅርጽ ሞነጫጭሩ። እዚህ ካልገባ፣ በጥሩ ሥዕልም አይገባም።

ጽሑፉን ከሥዕሉ በፊት አስቀምጡ። የእኛ ፊደል ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ሲያንስ ደግሞ ቅጥያዎቹ ይጠፉና ሉ እና ሊ ይምታታሉ። የንግግሩን ፊኛ በጽሑፉ ልክ ሳሉ እንጂ ጽሑፉን ፊኛው ውስጥ አትጠቅጥቁ። ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን ጩኸት የሚታየው በመጠንና በውፍረት ነው። መጀመሪያ የሚነበበው ፊኛ ከላይ በግራ ይሁን።

ቀለም መቀባት ቀላሉ ክፍል ነው፦ ሁሉም ጥቁርና ነጭ፣ ፊሽካዋ ብቻ ቀይ።

ለማሳተም ሁለት ኤ4 ወረቀት መሃል ላይ እጠፉ። የውጪው ወረቀት በአንድ ፊቱ 8 እና 1፣ በሌላው 2 እና 7 ይይዛል። የውስጠኛው 6 እና 3፣ ከዚያ 4 እና 5። እጥፋቱ ላይ በስቴፕለር ምቱት። ተረቱን ለማያውቅ ሰው ስጡና ዝም ብላችሁ እዩት። ግራ ገብቶት ወደ ኋላ የሚገልጥበት ገጽ ካለ፣ እንደገና የሚሳለው እሱ ነው።