ጃኬቱ አሳለፈ ወይስ አላሳለፈም? የክረምት የእግር ጉዞ ልብስና ጫማ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በክረምት እንጦጦ ላይ ወይም በመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ተጉዞ የተመለሰ ሰው ሸሚዙ ረጥቦ ሲያገኘው «ጃኬቱ ውኃ አሳለፈ» ብሎ ይደመድማል፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ለመግዛት ይነሳል። ከመግዛት በፊት ግን እርጥበቱ ከውጭ የገባ ዝናብ ይሁን ከሰውነት የወጣ ላብ መለየት ያስፈልጋል፤ የሁለቱ መፍትሄ የተለያየ ነውና።

ሸሚዙ ሙሉ በሙሉ ረጥቧል፤ ጃኬቱ ግን ቀዳዳ የለውም

ጃኬቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ትከሻው ላይ ጥቂት ውኃ ያንጠባጥቡ። ጠብታዎቹ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ሆነው ከተንከባለሉ የላይኛው ጨርቅ ውኃ የመግፋት ኃይሉ አለ ማለት ነው። ጠብታው ወዲያው ተዘርግቶ ጨርቁን ካጠቆረው ግን ችግሩ ተገኝቷል። እንደ ጎርቴክስ ያሉ ጃኬቶች ከላይኛው ጨርቅ ሥር ስስ ሽፋን አላቸው፤ ይህ ሽፋን ፈሳሽ ውኃን ይከለክላል፣ የላብ ተንን ግን ወደ ውጭ ያሳልፋል። የላዩ ጨርቅ ውኃ ሲጠጣ ተኑ መውጫ ያጣል፣ ጨርቁም ስለሚቀዘቅዝ ላቡ በጃኬቱ የውስጥ ገጽ ላይ ወደ ጠብታነት ይለወጣል። ሽፋኑ አንዲት ጠብታ ሳያስገባ ለባሹ ይበሰብሳል።

መፍትሄው ብዙዎች የሚፈሩት ነገር ነው፦ ማጠብ። ጃኬት በታጠበ ቁጥር ይበላሻል የሚለው እምነት ስህተት ነው፤ የሚጎዳው በአንገትና በእጅጌ ጫፍ የሚከማቸው የሰውነት ቅባትና አቧራ ነው። ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ያጥቡት። የዱቄት ሳሙና ቅሪቱ ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ የልብስ ማለስለሻም ጨርቁ ውኃ እንዲስብ ያደርጋል፣ በረኪና ደግሞ ጨርሶ አያስነኩት። አረፋው እስኪጠፋ ደጋግመው ያለቅልቁት። ከደረቀ በኋላ፣ የልብሱ ምልክት የሚፈቅድ ከሆነ፣ ስስ ጨርቅ ደርበው በዝቅተኛ ሙቀት ያለ እንፋሎት ይተኩሱት፤ ሙቀቱ የደከመውን የውኃ መከላከያ ቅብ ያነቃዋል። የእኔን ጃኬት «አለቀለት» ብዬ ለሰው ልሰጠው ካዘጋጀሁት በኋላ በዚህ መንገድ አጥቤና ተኩሼ ውኃ ባፈሰስኩበት ጊዜ ጠብታው ከትከሻው እስከ ክርኑ ተንከባሎ ወረደ። ይህ ካልሠራ ብቻ በሚረጭ መከላከያ ቅብ ማደስ ተገቢ ነው።

እርጥበቱ በስፌት መስመር ወይም በትከሻ ላይ ብቻ ነው

ይህ እውነተኛ ፍሳሽ ነው። ጃኬቱን ገልብጠው ስፌቱን የሚሸፍነው ቴፕ መላቀቁን ይመልከቱ፤ የተላቀቀውን ቦታ አጽድቶ ለስፌት በተሠራ ማሸጊያ መድፈን ይቻላል። የውስጡ ቅብ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ወይም እጅ ላይ እየተጣበቀ ከሆነ ግን እርጅና ነውና ጥገና የለውም። ከሰልባጅ ተራ የሚገዙ ከሆነ ስለዚህ ነገር ይጠንቀቁ፦ ቀለሙን ሳይሆን ውስጡን ይዩ፣ በአውራ ጣትዎ ይሹት፣ ያሽቱትም። የሚያጣብቅና የሚኮመጥጥ ሽታ ያለው ጃኬት በማንኛውም ዋጋ ውድ ነው።

ዝናብ አልገባም፤ ብርዱ ግን አላስቆመም

ምክንያቱ ከጃኬቱ ሥር ያለው የጥጥ ልብስ ነው። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም፤ ጋቢም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። ሱፍ ግን እርጥብ ሆኖም ሙቀት ይይዛል፤ በመንዝ ብርድ ባናና በርኖስ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በግምት 6 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ወደ ራስ ዳሽን የሚወጣ ሰው በሰውነቱ ላይ የጥጥ ካናቴራ ማድረጉ ለሕይወቱ ያሰጋል።

የጫማው ሶል ተላቀቀ

ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ሲፈርስ ሰው ይገረማል፤ ነገር ግን በብዙ ጫማዎች ሶል ውስጥ ያለው ፖሊዩረቴን የተባለው አረፋ ባይለበስም ከአየር እርጥበት የተነሳ ይበሰብሳል። አረፋው በጥፍር ሲጫኑት እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ከተበተነ ማስቲሽ አይዘውም። ሙጫው ብቻ ከለቀቀ ግን ሁለቱንም ገጽ አጽድቶና አድርቆ ማስቲሽ መቀባት፣ እጅ ላይ መጣበቅ እስኪያቆም መጠበቅ፣ ከዚያም ጨቁኖ ማሳደር ይበቃል። ጫማ ጠጋኙ ልስፋው ቢልዎ መርፌው የሚተወው ቀዳዳ ሁሉ የውኃ በር እንደሚሆን ያስቡ።

የረጠበን ጫማ ከሰል አጠገብ ማድረቅ ቆዳውን ያሰነጥቃል፣ ሙጫውንም ያላቅቃል። የውስጥ ንጣፉን አውጥተው ጋዜጣ ይጠቅጥቁበት፤ ጋዜጣው ሲረጥብ ይለውጡት። ቆዳው ከደረቀ በኋላ ሰም ይቀቡት።

ቦርሳና ዚፕ

የቦርሳ የዝናብ ልባስ ጀርባ በኩል ክፍት ስለሆነ ውኃ በዚያ ይገባል፤ ዕቃውን በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ ማስገባት ይሻላል። የሚያስቸግር ዚፕ በብሩሽ ጭቃው ከተራገፈለትና ሻማ ከታሸ ይለሰልሳል።

መስከረም ሲጠባ ጃኬቱን ታጥቦና በደንብ ደርቆ፣ ሳይታጠፍ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይስቀሉት፤ ርጥብ እያለ የታጠፈ ጃኬት በሻጋታ ይበላል።