ዘረኝነትን ሜዳ ላይ ለመቃወም የሚያስብ ስፖርተኛ ቀድሞ የሚያዘጋጃቸው ነገሮች

ከተቃውሞው ምልክት በፊት ጥያቄውን አዘጋጁ። ምን እንዲለወጥ ትፈልጋላችሁ? የመለወጥ ሥልጣኑስ የማን ነው? ይህን በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ፣ ሌሎች እንደፈለጉ ይተረጉሙላችኋል። በኦገስት 2020 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካዋ የዊስኮንሲን ግዛት የኬኖሻ ከተማ ፖሊስ ጥቁር አሜሪካዊውን ጄኮብ ብሌክን በጥይት ከመታ በኋላ የዚያው ግዛት የቅርጫት ኳስ ቡድን የሚልዋኪ ባክስ ተጫዋቾች ለጨዋታ አልወጡም። መልበሻ ክፍል ሆነው የዊስኮንሲንን ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ በስልክ አነጋገሩ፤ በመግለጫቸውም የግዛቲቱ ምክር ቤት ተሰብስቦ በፖሊስ ተጠያቂነት ላይ እንዲሠራ ጠየቁ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ጥያቄ አይገኝም።

ቀጥሎ ደንቡን አንብቡ። በኦሊምፒክ የስፖርተኞችን ተቃውሞ የሚገድበው ደንብ ቁጥር 50 ነው። በ2021 በወጣው መመሪያ መሠረት ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ሜዳ ላይ፣ በጋዜጣዊ መግለጫና በራስ ማኅበራዊ ገጽ አቋምን መግለጽ ይቻላል። በሽልማት መድረክ፣ በመክፈቻና በመዝጊያ ሥነ ሥርዓት፣ በውድድሩ መሃልና በኦሊምፒክ መንደር ግን አይቻልም። በተፈቀደው ቦታም ቢሆን ሰውን፣ አገርን ወይም ድርጅትን ማነጣጠር ክልክል ነው። የክለብና የስፖንሰር ውላችሁን ደግሞ ከጠበቃ ጋር ተቀምጣችሁ እዩ።

አውቆ መጣስም ውሳኔ ነው፤ ዛሬ ስማቸውን በክብር የምናነሳቸው ብዙዎቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ዋጋው ግን አስቀድሞ ይታሰብ። ዘረኝነትን በመቃወም ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር የተንበረከከው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ኮሊን ካፐርኒክ ከ2016 የውድድር ዘመን በኋላ በሊጉ በኤንኤፍኤል አንድም ጨዋታ አልተሰለፈም። ኢትዮጵያዊው ሯጭ ፈይሳ ሌሊሳ በ2016 በሪዮ ማራቶን ሁለተኛ ሲገባ የኦሮሞ ሰልፈኞችን ግድያ በመቃወም እጆቹን አጣመረ፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2018 ነው። ስለዚህ የቤተሰብን ደኅንነት፣ ቪዛንና ያለ ደመወዝ የምትቆዩበትን ገንዘብ ከውድድሩ በፊት ጨርሱ።

የምትይዙትን ዕቃ በትርፍ ያዙ። በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ ጥቁር አሜሪካውያኑ ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ በሽልማት መድረክ ላይ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ ጡጫቸውን አነሱ፤ ካርሎስ ጓንቱን ረስቶ በመምጣቱ አንድ ጥንድ ተካፈሉ። ስሚዝ ቀኝ፣ ካርሎስ ግራ እጁን ያነሳው ለዚህ ነው። የሠራላቸው ግን እያንዳንዱ ነገር ትርጉም ስለነበረው ነው፦ ያለ ጫማ በጥቁር ካልሲ መቆማቸው የጥቁር አሜሪካውያንን ድህነት ያሳይ ነበር፤ ስሚዝም ኋላ ለቴሌቪዥን አንድ በአንድ አብራራው። የቴኒስ ተጫዋቿ ናኦሚ ኦሳካ በ2020 ወደ ዩኤስ ኦፕን ውድድር ሰባት የፊት ጭምብል ይዛ መጣች፤ ለዋንጫ የሚያደርሰው ሰባት ጨዋታ ነውና። በየጭምብሉ በፖሊስ ወይም በዘረኛ ጥቃት የሞተ የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ስም ተጽፎ ነበር። አሸናፊ ሆና ሰባቱንም አሳየች፤ በየዙሩም ጋዜጠኛው ስለ አዲስ ስም ለመጠየቅ ተገደደ።

ብቻችሁን አትውጡ። በ2016 የአሜሪካ የሴቶች የቅርጫት ኳስ ሊግ ደብልዩኤንቢኤ በማሟሟቂያ ላይ ለተቃውሞ ጥቁር ቲሸርት የለበሱ ተጫዋቾችን እያንዳንዳቸውን 500 ዶላር ቀጣ፤ ምክንያቱ የአለባበስ ደንብ ነበር። ተጫዋቾቹ ተስማምተው ከጨዋታ በኋላ ስለ ቅርጫት ኳስ የሚቀርብ ጥያቄ አንመልስም አሉ። ሊጉ በቀናት ውስጥ ቅጣቱን አነሳ።