ስለ ኮሌስትሮልና ስለ ስብ ህዋስ በየቀኑ የምሰማቸው ስህተቶች

የምሠራው የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ውስጥ ነው። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ስብንና ኮሌስትሮልን አንድ ማድረግ ነው። «የወፈርኩት ኮሌስትሮሌ ከፍ ብሎ ነው» የማይለኝ ሰው የለም። የስብ ህዋስን በማይክሮስኮፕ ብታዩት መሃሉን አንድ ትልቅ የስብ ጠብታ ሞልቶታል፤ የዘር መረጃውን የያዘው ክፍል፣ ኒውክለሱ፣ ተገፍቶ ጥግ ይዟል። ጠብታው ከሞላ ጎደል ትራይግሊሰራይድ፣ ማለትም ሰውነት ትርፍ ካሎሪ የሚያከማችበት የስብ ዓይነት ነው፤ የሚያወፍረንም እሱ ነው። ኮሌስትሮሉ በብዛት ያለው በጠብታው ገጽና በህዋሱ ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑን ያጸናል፤ የኢንሱሊን መልእክት ወደ ውስጥ እንዲደርስም ያግዛል። አሁን ልብ በሉ፦ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች እንደታየው፣ ህዋሱ ሲያብጥ ኮሌስትሮሉ ከሽፋኑ ወደ ጠብታው ይሸሻል፤ ሽፋኑ ኮሌስትሮል ያጥረዋል፤ ለኢንሱሊን ያለው ምላሽም ይዳከማል። ስለዚህ ኮሌስትሮል ደም ውስጥ ተርፎ፣ የስብ ህዋሱ ሽፋን ላይ ግን ሊጎድል ይችላል። «ኮሌስትሮል በዛ ማለት ስብ በዛ ማለት ነው» የሚለው ስሌት እዚህ ጋ ይፈርሳል።

ይህ ስሌት ሰው ይጎዳል። አንድ አባት 12 ኪሎ ቀንሰው፣ ሱሪያቸውን በቀበቶ ሸብ አድርገው፣ ደስ ብሏቸው መጡ። «ስቡ ሄደ፤ ኮሌስትሮሉም አብሮ ሄዷል ብዬ መድኃኒቱን ከተውኩ አራት ወር ሆነኝ» አሉኝ። ኤልዲኤላቸው፣ «መጥፎ» የሚባለው የደም ኮሌስትሮል፣ 190 ሆኖ ተመለሰ፤ ይህ ከፍተኛ ነው። «አባባ፣ ኤልዲኤልን ከደም የሚያጠራው በዋናነት ጉበት ነው፤ ወገብዎ ስለ ጉበትዎ አይነግረኝም» አልኳቸው። ክብደት መቀነሳቸው ትልቅ ነገር ነው፤ መድኃኒት ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይቆምም። ቀጭን ሰውም ይመርመር።

«ኮሌስትሮል የለውም» የሚል ጽሑፍ አይቶ ዘይት መግዛትም ሌላው ነው። የአትክልት ዘይት ሁሉ ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስብ (እንደ ቅቤ የሚረጋው የስብ ዓይነት) ነው፤ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው። የስብ ህዋሱን የሚሞላው ደግሞ የተረፈው ካሎሪ ነው፤ የየትኛውም ዘይት አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ያህል አለው።

በስፖርት የስብ ህዋስ አይጠፋም፤ ይሟሽሻል እንጂ። በአዋቂ ሰው ቁጥሩ ብዙም አይለዋወጥም፤ በዓመት 10 በመቶ ያህሉ ሲሞት አዲስ ይተካዋል።

እኔም ተሳስቻለሁ። ለዓመታት ታካሚዎቼን ሁሉ የእንቁላል አስኳል ከልክያለሁ። አንድ አስኳል 186 ሚሊግራም ያህል ኮሌስትሮል አለው፤ የምግብ ኮሌስትሮል ግን የብዙ ሰው ደም ላይ የሚያመጣው ለውጥ ሳቹሬትድ ስብ ከሚያመጣው ያነሰ ነው። የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያም በቀን 300 ሚሊግራም የሚለውን ገደብ በ2015 እ.ኤ.አ. አንስቶታል። ስኳር ላለበት ሰው አሁንም መጠኑን እናገራለሁ። ለሌላው ግን ከእንቁላሉ በፊት የምጠይቀው መጥበሻው ላይ ምን ያህል ቅቤ እንደገባ ነው።