የናፍጣ ሃይሉክስ ታይሚንግ ቺንጊያ ስትቀይር ፖምፓውን አትርሳው

የአጎቴን ሃይሉክስ ግቢያችን ውስጥ፣ ከማንጎው ሥር አቁሜ ታይሚንግ ቺንጊያውን ቀየርኩለት። ሞተሩ 5ኤል ነው፤ ብዙ ዶልፊን ላይም ያለው ባለ ሦስት ሊትር ናፍጣ። ግማሽ ቀን ይበቃኛል ብዬ ነበር የጀመርኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ያስቸገረኝም ቺንጊያው ሳይሆን የናፍጣ ፖምፓው ነው።

ካቻቪቴ ከማንሳትህ በፊት ማን ማንን እንደሚያዞር እወቅ። 5ኤል ላይ አንዱ ቺንጊያ ከክራንኩ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ተነስቶ ካምሻፍቱንም (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ)፣ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከውን የናፍጣ ፖምፓም ያዞራል። የውሃ ፖምፓው እዚህ ውስጥ የለበትም፣ እሱን የሚያዞረው ከውጭ ያለው የፋኑ ቺንጊያ ነው። ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ላንድ ክሩዘር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የናፍጣ ፖምፓው በጥርስ ይነዳል፣ ቺንጊያው ካምሻፍቱን ብቻ ነው የሚያዞረው። ከላንድ ክሩዘር ወደ ሃይሉክስ የመጣ ሰው ፖምፓውን የሚረሳው ለዚህ ነው። እኔም ከዚያው ነው የመጣሁት።

ሌላም አለ። ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱና ፖምፓው አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራሉ፤ ፑሌጃቸው (ቺንጊያው የሚይዘው ጥርሳም ክብ) የክራንኩን እጥፍ ጥርስ ያለው ለዚያ ነው። ስለዚህ የክራንኩ ፑሌጃ ላይ ያለው የፋብሪካ ምልክት ልክ ስለሆነ ብቻ ደስ አይበልህ፣ ካምሻፍቱ ግማሽ ዙር ርቆ ሊሆን ይችላል። የክራንኩ፣ የካምሻፍቱና የፖምፓው ሦስቱም ምልክቶች አንድ ላይ መግጠም አለባቸው።

አሁን ወደ ሥራው። የባትሪውን ነጋቲቭ ንቀል፣ ውሃውን አፍስስ፣ ፋኑንና የውጭ ቺንጊያዎቹን አውጣ። ራዲያተሩንም ብታወጣው እጅህ ቦታ ያገኛል። የክራንኩ ፑሌጃ ቡሎን ክፉኛ የጠበቀ ነው። ቁልፉን ሻንሲው ላይ አስደግፈው ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) በመምታት የሚፈቱት አሉ፤ ክንድህን ከወደድክ አትሞክረው። አምስተኛ ማርሽ አስገባ፣ አንድ ሰው ፍሬኑን ይርገጥልህ፣ አንተ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክተህ ፍታው። ይሄንን ምልክቶቹን ከማስተካከልህ በፊት አድርገው፣ አለበለዚያ ያስተካከልከው ሁሉ ይዛባል።

ሽፋኑ ሲወጣ መጀመሪያ ዘይት ፈልግ። በክራንኩ ወይም በካምሻፍቱ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) በኩል ዘይት የሚያልብ ከሆነ አዲሱ ቺንጊያም ብዙ አይቆይም፣ ፓራኦሊዮውን አብረህ ቀይር። መወጠሪያ ፑሌጃዎቹንም በጣትህ አዙራቸው። ኩሽኔታው ከተንኮሻኮሸ ወይም ልቅ ከሆነ አትመልሰው። የእኛው ውስጥ የጢስ አባይ መንገድ አቧራ እንደ በርበሬ ተነስንሶ ነበር።

የመጀመሪያውን ሲሊንደር ፒስተን ላይኛው ጫፍ ድረስ አድርሰህ ሦስቱንም ምልክት ካስገጠምክ በኋላ ራስህም ምልክት አድርግ። እኔ የእህቴን የጥፍር ቀለም ወሰድኩ (እስካሁን አላወቀችም)። አሮጌው ቺንጊያ ላይና ሦስቱ ፑሌጃዎች ላይ ፊት ለፊት ነጠብጣብ አደረግኩ። ከዚያ አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አጋድሜ፣ ጥርሱን እየቆጠርኩ ነጠብጣቦቹን ወደ አዲሱ አሻገርኳቸው። ጥርሱን ሁለት ጊዜ ቁጠር፤ ሁለተኛው ቆጠራ ከመጀመሪያው ከተለየ ሦስተኛ ቁጠር።

እኔን ጉድ የሠራኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ቺንጊያውን ስስበው የፖምፓው ፑሌጃ ጧ ብሎ ዞረ። ፖምፓው ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ይገፋዋል፣ ምልክቱ ላይ ዝም ብሎ አይቆምም። ስለዚህ አዲሱን ስታስገባ አንድ ሰው የፖምፓውን ዳዶ በቁልፍ ይዞ ምልክቱ ላይ ያቁምልህ። እኔ ብቻዬን ስለነበርኩ አንድ ጥርስ አመለጠኝ፣ አላስተዋልኩትም። ቺንጊያውን አትጠፍ፣ አትጠምዝዝ፣ በካቻቪቴም አትፈልቅቅ።

ከገባ በኋላ የመወጠሪያውን ቡሎን አላላው፣ ስፕሪንጉ ራሱ ይወጥረዋል። ክራንኩን በእጅህ፣ ከፊት ሆነህ ስታየው በሰዓት አቅጣጫ፣ ሁለት ሙሉ ዙር አዙርና ቡሎኑን አጥብቅ። ሲዞር ከነካና ከቆመ አታስገድደው፣ ፒስተን ቫልቭ ነክቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሦስቱን ምልክቶች እንደገና እያቸው። የጥፍር ቀለሙ ነጠብጣብ ከሁለት ዙር በኋላ አይገጥምም፣ አትደንግጥ፤ መታየት ያለበት ፑሌጃው ላይ ያለው የፋብሪካው ምልክት ነው።

እኔ ይሄን በጥድፊያ አልፌው ሞተሩን አስነሳሁ። ተነሳ። ትንሽ ነጭ ጭስ አለው፣ ጉልበቱም ደከም ያለ መሰለኝ፤ ባሕር ዳር ሙቅ ስለሆነ ግን ብዙም አልታወቀም። አጎቴ በማግስቱ ደብረ ታቦር ሄዶ አደረ። ጠዋት በዚያ ብርድ መኪናው አልነሳም አለ። «አንተ ልጅ፣ ምን አድርገህልኛል?» ብሎ ደወለ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ፖምፓው ዘግይቷል። እዚህ ሐይቁ ዳር የሚደበቅ ስህተት እዚያ ዳገቱ ላይ ይጋለጣል።

ዳገት ስለተነሳ፣ «ጉልበት እንዲጨምር ፖምፓውን አዙርልኝ» የሚሉኝ አሉ። የፖምፓው ማሰሪያ ቀዳዳ ረዘም ያለ ስለሆነ አካሉ ትንሽ ይዞራል። ዘንጉ ከሚዞርበት ተቃራኒ ካዞርከው ናፍጣው ቀደም ብሎ ይረጫል፣ ወደ ዘንጉ አቅጣጫ ካዞርከው ይዘገያል። በጣም ከቀደመ ሞተሩ ይኳኳል፣ ፒስተኑን ይጎዳል። ጥቁር ጭስ ከሆነ ችግርህ ግን መጀመሪያ የአየር ፊልትሩን እይ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ከወዲሁ የሳሳ ነው፣ በቆሸሸ ፊልትር ደግሞ ጭራሽ ይታፈናል። ልክ የሆነው ማስተካከያ በጌጅ (በመለኪያ መሣሪያ) ነው የሚሠራው፣ በጆሮ አይደለም። ከመንካትህ በፊት አካሉና ማሰሪያው ላይ በአንድ መስመር ጭረት አድርግ፣ ቢያንስ የነበረበትን ታውቃለህ።

የቶዮታ መመሪያ ቺንጊያውን በ100,000 ኪሎ ሜትር ቀይር ይላል፣ እኔ በዚህ አቧራ 80,000 ላይ እቀይራለሁ። ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ ቲ-ቤልት የሚል መብራት ይበራል። የአጎቴ ለምን በርቶ እንደማያውቅ ለማየት ዳሽቦርዱን ፈታሁት። አምፖሉ ተነቅሏል፤ መኪናውን የሸጠለት ሰው ሥራ ነው። አዲስ አምፖል ከተትኩበት፣ ሽፋኑ ላይም ፕላስተር ለጥፌ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጻፍኩበት።