ኤፍጂኤፍ2 ኒውክሊየስ ውስጥ ማንን ነው የሚይዘው? ፑል ዳውን አሰራር

ኤፍጂኤፍ2 (ሴል እንዲያድግና እንዲባዛ የሚገፋ ፕሮቲን) ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ከሴል ውጪ ስላለው ሪሴፕተር ነው፣ ግን ከ18 ኪሎዳልተኑ ሌላ 22፣ 22.5 እና 24 የሚሆኑ ትላልቅ አይነቶች አሉት፣ እነሱ በብዛት ኒውክሊየስ ውስጥ ነው ያሉት። እዛ ከማን ጋር እንደሚያያዙ ለማወቅ ፑል ዳውን ስሩ፣ ማለት ኤፍጂኤፍ2ን ቢድ (ትንንሽ እንክብል) ላይ አስይዛችሁ አብሮት የሚጎተተውን ፕሮቲን ማየት ነው።

ትላልቆቹ የሚጀምሩት ከተለመደው የመነሻ ኮድ ከኤቲጂ ሳይሆን ከሲቲጂ ስለሆነ ጂኑን በተሸከመው ፕላስሚድ ላይ ወደ ኤቲጂ ቀይሩት፣ አለበለዚያ 18ቱን ነው የምታገኙት። ጂኤስቲ (ግሉታታዮን ላይ የሚጣበቅ ፕሮቲን) ቀጥላችሁ ግሉታታዮን ቢድ ላይ አስይዙት፣ ጎን ለጎን ጂኤስቲ ብቻውን ያለበት ቢድ የግድ ይኑራችሁ።

ሙሉ ሴል አትጨፍልቁ፣ ሪሴፕተሩና ሄፓራን ሰልፌት የተሸከሙት ፕሮቲኖች ቀድመው ይያዙባችኋል። በለስላሳ ዲተርጀንት የውጪውን ሽፋን ክፈቱና ቀስ ባለ ሴንትሪፊውጅ ኒውክሊየሱን አውርዱት። ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በአንቲቦዲ የሚለይ ምርመራ) ላይ የኒውክሊየሱ ፕሮቲን ላሚን ከታች ፔሌቱ (የወረደው ዝቃጭ) ውስጥ፣ የሳይቶፕላዝሙ ቱቡሊን ደግሞ ከላይ ፈሳሹ ውስጥ ካልታየ እንዳትቀጥሉ።

አሁን ዋናው ነገር። ኤፍጂኤፍ2 ፖዘቲቭ ቻርጁ ብዙ ስለሆነ ዲኤንኤና አርኤንኤ ላይ ሙጭጭ ይላል፣ እነሱ ደግሞ የራሳቸውን ፕሮቲን ጎትተው ይመጣሉ፣ እና የምታገኙት ሊስት ግማሹ ውሸት ይሆናል። ስለዚህ ላይሴቱ (ኒውክሊየሱን አፍርሳችሁ የምታገኙት ፈሳሽ) ላይ ቤንዞኔዝ፣ ዲኤንኤና አርኤንኤን የሚቆራርጥ ኤንዛይም፣ ጨምሩ። እኔ መጀመሪያ ስሰራው ጨምሬም ላይሴቱ እንደ ተልባ እየተለጠጠ ፒፔት አልገባ አለኝ፣ ሁለት ቀን ተጨንቄ ሳየው ለካ ፕሮቲን እንዳይፈርስ የሚጨመረው የፕሮቲየዝ ኢንሂቢተር ታብሌት ውስጥ ኢዲቲኤ ነበረ፣ ቤንዞኔዝ ደግሞ ያለ ማግኒዚየም አይሰራም፣ ኢዲቲኤው ማግኒዚየሙን ለቅሞ ይዞታል። ኢዲቲኤ የሌለበትን ተጠቀሙ፣ 2 ሚሊሞላር ማግኒዚየም ክሎራይድ ጨምሩ፣ ፈሳሹ እንደ ውሃ ሲንጠባጠብ ታውቁታላችሁ።

ከዛ መጀመሪያ ላይሴቱን ጂኤስቲ ብቻ ባለበት ቢድ አጣሩት፣ ቀጥሎ ለሁለቱ ቢዶች እኩል አካፍሉ፣ 4 ዲግሪ ላይ ይሽከርከር፣ እጠቡ። ጨው ላይ አትጨክኑ፣ ከ150 ሚሊሞላር ጀምራችሁ 300ንም ሞክሩና ኤፒአይ5 የሚባለው ፕሮቲን እንዳለ በዌስተርን እዩ፣ ኤፍጂኤፍ2ን እንደሚይዝ የታወቀ ስለሆነ እሱ ከጠፋ አጠባው በዝቷል ማለት ነው።

ማስ ስፔክ (የተያዙትን ፕሮቲኖች ማንነት የሚለይ መሳሪያ) ስትልኩ ሶስት የተለያየ ዙር ላኩ፣ ጂኤስቲ ብቻ ያለበትንም አብራችሁ። የራይቦዞም ፕሮቲኖች ይበዙባችኋል፣ ግን በጅምላ አትጣሏቸው፣ ኤል6 የሚባለው ራሱ ኤፍጂኤፍ2ን እንደሚይዝ ታይቷል። የቀረውን አንድ በአንድ ገልብጣችሁ ፈትሹ፣ ማለት ለተጠረጠረው ፕሮቲን በተሰራ አንቲቦዲ ከሴሉ ራሱ አውጡትና ብሎቱ ላይ ከ22 እስከ 24 መሀል ኤፍጂኤፍ2 ተከትሎት መጥቶ እንደሆነ እዩ።