ኮምባይነር ከውጭ ስታስመጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ህዳር ሲገባ ሰሜን ሸዋ ጅሩ ላይ ስንዴውን አጭዶ የሚወቃውን ማሽን፣ ኮምባይነርን፣ የማይጠብቅ ባለ ስንዴ የለም። «ከደላላ ጋር ከመጨቃጨቅ ተዋጥተን የራሳችንን እናስመጣ» የሚባለውም ያኔ ነው። ሐሳቡ ክፋት የለውም። ግን አምራቾቹ፣ ክላስ ጀርመን ሃርዘቪንክል፣ ኒው ሆላንድ ቤልጂየም ዜደልገም ሲሠሩት የእኛን ማሳ አስበው አይደለም።

የመጀመሪያው ስህተት የማሽኑን ዋጋ ብቻ ይዞ መዋዋል ነው። ኮምባይነር እየተነዳ የሚገባበት መርከብ ብዙ ጊዜ የሚያስከፍለው ከክብደትና ከይዘት በሚበልጠው ነው። 12 ቶን የሚመዝን ማሽን 8 ሜትር ርዝመት፣ 3.3 ሜትር ስፋትና 4 ሜትር ከፍታ ካለው ከ105 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። የምትከፍሉት ለ12ቱ ሳይሆን ለ105ቱ ነው። የፊት ማጨጃው ተፈትቶ ለብቻው ስለሚጫን የእሱንም ሒሳብ ጠይቁ።

ጅቡቲ ሲደርስ ነገሩ ያለቀ የሚመስላቸውም አሉ። ከዚያ በኋላ ጉምሩክ አለ፣ ማሽኑን የሚጭነው ዝቅተኛ ተጎታች (ሎውቤድ) አለ፣ መንገድ አለ። በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣ ከሆነ የጣርማበር ዋሻ ከፊቱ ነው። ሎውቤዱ ላይ ከተጫነ በኋላ የሚኖረውን ቁመት ቀድማችሁ አስለኩ። ጥቅምት ላይ ማዘዝማ አይወራ፤ ማሽኑ ሲደርስ ስንዴው ጎተራ ገብቷል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሳይታጠብ አይጫን። ከውስጡ የሚራገፈው አፈርና የአረም ዘር የእናንተን ማሳ ነው የሚያገኘው። ቺንጋና ኩሽኔታም አብራችሁ እዘዙ።

ብዙ ሰው የማያስበው ግን ነፋሱን ነው። ኮምባይነር ፍሬውን ከእብቁ የሚለየው በማራገቢያ ነው። ደብረ ብርሃን ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። መመሪያው ላይ ባለው ፍጥነት ቢሠራ እብቁ ከስንዴው ጋር የማሽኑ ጎተራ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ታዲያ ማራገቢያውን በአንዴ አስጩሁት ማለት አይደለም። ትንሽ ትንሽ ጨምሩና ከኋላ የሚወድቀውን በሸራ ተቀበሉ። ሸራው ላይ ፍሬ ከበዛ አልፋችኋል፤ መልሱት። ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ደጋ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ስትመርጡ ይህንንም ጠይቁ።

ዋልካችንን ታውቁታላችሁ። ላይ ላዩን ደርቆ ከሥር ይይዛል። ሰፊ ጎማ ያለውን ምረጡ። ያለ ወቅቱ ከዘነበ ደግሞ ባለቤቱ ቢለምናችሁም ማሳው ውስጥ አትግቡ።

የገለባው ነገር ብዙ ጭቅጭቅ ያመጣል። ገለባ ቆራጩ ከሠራ ሁሉን ከታትፎ ማሳው ላይ ይበትነዋል። ለአውሮፓ ገበሬ ጥሩ ሊሆን ይችላል። የጅሩ ሰንጋ የሚያደልብ ሰው ግን ገለባውን ከስንዴው እኩል ነው የሚያየው። ስለዚህ ገለባውን ሳይቆርጥ በመስመር የሚጥል ማሽን ፈልጉ። ኦፕሬተሩ ከሌላ አገር የመጣ ከሆነም ማሳ ከመግባቱ በፊት ቆራጩን እንዲያላቅቅ ንገሩት።